ሦስት ሴንቲ ሜትር ያመጣብኝ ጣጣ

የመኪናዬን ሞላ (ስፕሪንግ) በአጭር ቀይሬ ዝቅ አደረግኳት። ብዙም አይደለም፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር! ከዚያ ለምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየና «ወረቀቱስ?» አለኝ። የምን ወረቀት? ሞላው ለዚህ ሞዴል የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ነዋ! ሻጩ ብሬን ሲቆጥር ስለ ወረቀት ትንፍሽ አላለም።

መብራቱ ላይም ያዘኝ። ኤልኢዲ አምፖል ለሃሎጅን (ለተለመደው ባለ ሽቦ አምፖል) በተሠራ መብራት ውስጥ ከገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። እዚህ ላይ አልከራከርም። እኔም ማታ ማታ እንደዚያ ያሉትን እየተራገምኩ ነው የምነዳው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እቃ ስገዛ እቃው መጽደቁን የምታሳየውን፣ በክብ ውስጥ ያለችውን የላቲን «ኢ» (E) ፊደልና አጠገቧ ያለውን ቁጥር አያለሁ። ቁጥሩ ማጽደቂያውን የሰጠውን አገር ይናገራል። እኔ ሞኙ፣ ይቺ ካለች በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ለካ ሞላው ለብቻው ቢፈቀድ፣ አብሬ የገጠምኩት ሰፊ ጎማም ለብቻው ቢፈቀድ፣ ሁለቱ አንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ሌላ ጉዳይ ነው! መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ጎማው ጭቃ መከላከያውን ሊፍቅ ይችላል። ስለዚህ እንደ አዲስ መመርመር፣ እንደ አዲስ መክፈል፣ እንደ አዲስ መሰለፍ። ይህን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ተስፋ ቆርጬ ጋራዡ ደወልኩ፤ የድሮው ሞላ ይመለስልኝ ብዬ።

«እሱንማ ጣልነው» አሉኝ።