ልብስ ጠባቂው

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ማታ ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄጄ፣ ጨዋታቸው ስላላለቀ ጂም ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጨዋታው ቦቺ ይባላል። የኛ ሰፈር ልጅ ቢያየው ብይ ነው የሚለው፤ ብዮቹ ትልልቅ ብርቱካን ያካክላሉ፣ ጉድጓድም የለውም እንጂ። አንዲት ትንሽ ኳስ ቀድማ ትወረወራለች፣ ከዚያ ሁሉም የየራሱን እያንከባለለ ወደሷ ለማስጠጋት ይታገላል። ቡድኑ ቅልቅል ነው። ኦቲዝም ያለባቸው አሉ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አሉ፣ እንደኔዋ ልጅ ምንም የሌለባቸውም አሉ። ማልያው አንድ ነው።

አንድ ረዘም ያለ የሐበሻ ልጅ ኳሷን ይዞ መስመሩ ላይ ቆመ። ቆመ፣ አሁንም ቆመ። አንድ ደቂቃ ሳያልፍ አልቀረም። እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ፤ «ኧረ አግዙት» ልል ምንም አልቀረኝ። ልጄ አጠገቡ ናት፤ እጇን ኪሷ ከታ ጣሪያ ታያለች። በመጨረሻ ለቀቃት። ኳሷ የት እንደምትሄድ ግራ እንደገባው ሰው ጠማማ ሄዳ ግድግዳ ሥር ቀረች። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። ቀጣዩ ገባ።

መኪና ውስጥ፣ «ምናለ ብታግዢው?» አልኳት።

«ተራው ነበራ አባዬ!» አለችኝ፤ ጥያቄዬ ራሱ አልገባትም።

ይህ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ ደግነት እንዳይመስላችሁ። ሜሪላንድ በ2008 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአካልም ሆነ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ በሕግ ደንግጋለች። ተማሪው ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለበት፤ በኛ ካውንቲ 75 ሰዓት ነው። ልጄ የሷን ሰዓት የጨረሰችው ምግብ በማደል ነው። በቅጽ እየተሞላ፣ እየተፈረመ የሚቆጠር በጎ አድራጎት መጀመሪያ ላይ አስቆኝ ነበር። የኛ ሰው «ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ» ብሎ ያደገ ነው፤ እዚህ ቀኝ የሰጠውን ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሰዓት ለመሙላት የገባው ሁሉ ሰዓቱ ሲሞላ አይወጣም። የኔዋ አልወጣችም።

ሕጉም ከሕግ አልጀመረም። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር የምትባል፣ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እህት፣ በ1962 እዚሁ እኛ ካውንቲ ውስጥ የራሷን ግቢ ከፍታ ሌላ ቦታ አንቀበልም የተባሉ ልጆችን ማጫወት ጀመረች። ሮዝሜሪ የምትባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት እህት ነበረቻት። ስፔሻል ኦሊምፒክስ የሚባለው ውድድር በ1968 ቺካጎ ላይ የተጀመረው ከዚያ ግቢ ተነስቶ ነው። አሁን በየዓመቱ፣ የኛ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ሰው ለዚሁ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሳንዲ ፖይንት የሚባለው የውኃ ዳርቻ ወርዶ በረዶ የሆነ ውኃ ውስጥ ዘሎ ይገባል። አብሮኝ የሄደ ጓደኛዬ ፖሊሱም ተማሪውም እየጮኸ ሲነከር አይቶ፣ «እነዚህስ ያለ ታቦት ነው የተጠመቁት» አለ።

እንዲህ ስጽፍ አሜሪካን ያመለክሁ እንዳይመስል። ከጨዋታው በኋላ የዚያን ልጅ እናት መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋት። የኛው ሰው ናት።

«ጋሼ፣ ሜዳው ላይ አንደኛ ናቸው» አለችኝ። «ግን ልደቱን ሳከብር ከቡድኑ አንድ ልጅ መጣ። አንድ! አገር ቤት ቢሆን ሳልጠራቸው ቤቱን ይሞሉት ነበር።» ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሃያ አንድ ሲሞላው ደግሞ ቢጫው ባስ ይቀራል» አለች።

ይህን ያልሰማ ወላጅ ላይገባው ይችላል። የአሜሪካ ልዩ ትምህርት 21 ዓመት ድረስ መብት ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ ልጁ 21 የሞላበት የትምህርት ዘመን ሲያልቅ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አገልግሎት በማመልከቻና በወረፋ ነው። በየማለዳው በር ላይ ጡሩንባ ይነፋ የነበረው ባስ አንድ ቀን አይመጣም። ልጁ ግን ጫማውን አስሮ መስኮት ላይ ይጠብቃል። እናቲቱ ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው ይህን እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች።

እኛስ? እኛ ጎበዞች ነን፤ በሩቅ። አገር ቤት አንድ የታመመ ሰው አለ ከተባለ ጎፈንድሚ ተከፍቶ ቅዳሜና እሁድን ሳይሻገር ይሞላል። ኦሊምፒያኑም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ፓርኪንግ የሚሠራውም ያዋጣል። ይህን አላቃልልም፤ ስንት ነፍስ ተርፏል። ግን ያቺ እናት ማኅበር ከቀረች አራት ዓመቷ ነው። ልጇ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ሰውም ዞር ብሎ ያያል። ሁለት ሰዓት ልጁን ይዞላት ቡናዋን እንድትጠጣ ያደረገ ሰው የለም፤ እኔም ጭምር። ሰባት ሺህ ማይል ርቆ ላለ መቶ ዶላር መላክ፣ አጠገብ ከተቀመጠ ልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ከመዋል ይቀላል።

ገና ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ጉለሌ፣ የድሮው ሰፈሬ፣ ዳኛውን አገኘሁት። ዳኛው ስሙ አይደለም። በልጅነቱ ልምሻ አንድ እግሩን ወስዶበት በክራንች ነው የሚሄደው። ኳስ ስንጫወት ሹራባችንን አውልቀን ጎል እናደርግ ነበር፤ የተረፈውን ልብስ ደግሞ እሱ ጋ እንከምራለን። ልብስ ጠባቂ ነበር። ጠብ ሲነሳም «ጎል ነው፣ አይደለም» ብሎ ይፈርዳል፣ ማንም ቃሉን አይጥልም። ስሙ ከዚያ መጣ። እንወደው ነበር። ቆሎ ሲገዛ መጀመሪያ የሚዘገንለት እሱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ተፈራርቀን በጀርባችን አዝለነው እንሮጥ ነበር። ይህን ሁሉ እዚህ ለፈረንጅ ጓደኞቼ በኩራት ስተርክ ኖሬያለሁ፤ እኛ አገር ሰው አይጣልም እያልኩ።

አሁን ሞባይል ይጠግናል። ሱቁ በራፍ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ የልጄን ጨዋታ ነገርኩት። ሳቀ።

«አሥር ዓመት ሜዳ ወጥቻለሁ» አለ። «አንድ ቀን ብቻ ኳሷ ወደኔ መጣች። በክራንቹ መታኋት። ምን እንዳላችሁኝ ታስታውሳለህ?»

አላስታወስኩም።

«‹አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ፣ እንዳትወድቅ!› ነው ያላችሁኝ። ያልከው አንተ ነህ።»

ምን ይባላል? ቡናዬን ጠጣሁ። እሱ ወዲያው ወሬውን ቀየረልኝ፤ አዋቂ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አካታችነት በተዘጋጀ ዐውደ ጥናት ላይ ተጋብዞ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ አገኘው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን የሚለው አዋጅ ቁጥር 624/2001 (ይቺ ዓመት ግን በኛ አቆጣጠር ናት) ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው። «ሁለት ጎረምሶች ይሸከሙህ አሉኝ። እምቢ አልኩ። አበሌን ምድር ቤት ደረጃው ላይ ፈርሜ ወሰድኩ» ብሎ እንደገና ሳቀ።

አገር ቤት ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ፣ ለልጇ የሚሆን ቦታ ብታጣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው አዲስ አበባ ላይ ነው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ብዙ ሰው የሰማው ከሷ አፍ ነው። የሽራይቨርና የሷ ነገር ይገርመኛል፤ አንዷ ለእህቷ፣ አንዷ ለልጇ። የአንደኛዋ ግቢ ሕግ ሆነ፣ የሌላኛዋ ዛሬም የበጎ ሰዎችን እጅ ያያል።

አትሌቶቻችንንም ተመልከቱ። በቶኪዮ ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ፓሪስ 2024 ላይ ደገመችው፤ ዓይነ ስውሯ ያየሽ ጌቴም በራሷ ምድብ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ፣ ሌላ ወርቅ ጨመረች። በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ኦሊምፒኩ ላይ ያገኘነው ወርቅ አንድ ነው። እዚህ ሁሌ የምንሰበሰብበት ካፌ፣ የታምራት ቶላን ማራቶን ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር የሚተነትኑ ጓደኞቼን «ያየሽ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ «ዘፋኝ ናት?» አለኝ።

የያየሽን ሩጫ ፈልጋችሁ እዩት። ከመሪዋ ጋር በአንዲት አጭር ገመድ እጅ ለእጅ ታስረው ነው የሚሮጡት። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ መሪው አይጎትታትም፣ አይገፋትም፣ መጨረሻው መስመር ላይም አይቀድማትም። ሜዳሊያው ግን ለሱም አለው።

ከአገር ቤት እንደተመለስኩ ያቺን እናት ደወልኩላት፤ እሁድ ከሰዓት እኛ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ልጇን ይዛ እንድትመጣ። ለቡድናችን ቀድሜ ነገርኳቸው፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ስትመጣ ተነስተው ተቀበሏት፣ ወንበር አወጡላት፣ ልጁን «ጀግናው!» እያሉ ትከሻውን መቱት፣ ውኃ ሰጡት፣ ሣሩ ዳር ጥላ ቦታ አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ «ጎበዝ፣ ይቺን ጠብቅልኝ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። እኔም የመኪናዬን ቁልፍ ጃኬቶቹ ላይ ጥዬ ሜዳ ገባሁ፤ ምን እንዳደረግሁ የታወቀኝ እረፍት ላይ ቁልፌን ልወስድ ስመለስ ነው።