ቁጥር በወረደ ቁጥር ቁጣ

የወሩ አፈጻጸም ካለፈው ወር በጥቂቱ ዝቅ ብሏል በሚል የሥራ ክፍል ኃላፊዎችን ከቦታቸው ያነሱ አንድ የተቋም መሪ ሰሞኑን ለውሳኔያቸው ያቀረቡት ማስረጃ፣ ከዚህ ቀደምም ጠንከር ያለ ተግሣጽ በሰጡ ቁጥር ውጤቱ በማግስቱ ወር መሻሻሉን ነው። ከውሳኔው ይልቅ ይህ ማስረጃ ተብዬ ያስቆጣል፤ ለጥንካሬያቸው ምስክር አድርገው የጠሩት ነገር ዝም ብለው ቢቀመጡም መሆኑ አይቀርም ነበርና።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች ትምህርት ሲሰጡ ይህንኑ ክርክር ከአንድ አሠልጣኝ ሰምተዋል፤ ያመሰገነው ሠልጣኝ በቀጣዩ በረራ እንደሚያንስ፣ የጮኸበት ግን እንደሚሻሻል። ያየው ነገር እውነት ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነበር። እጅግ ያማረም ሆነ እጅግ የከፋ በረራ ከችሎታ በተጨማሪ የዕለቱ ዕድል ስላለበት፣ ቀጣዩ ወደ ሠልጣኙ የተለመደ ደረጃ መጠጋቱ የሚጠበቅ ነው። ወርሃዊ ሪፖርትም ከዚህ አይለይም፤ መሪ የሚቆጣው ቁጥሩ ከወትሮው ሲያንስ ነው፣ ከወትሮው ያነሰ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቁጣ ሁልጊዜ የሠራ፣ ምስጋና ሁልጊዜ ያሰነፈ ይመስላል፤ በዚህ ስሌት የሚመራ ሰውም ዓመት በመጣ ቁጥር ይበልጥ ጨካኝ፣ ይበልጥም በራሱ እርግጠኛ እየሆነ ይሄዳል። ጉዳት ባይኖረው ኖሮ፣ ዝናቡን ያዘነብኩት እኔ ነኝ እንደሚል ሰው ስቀን ባለፍነው ነበር።

ግን ይጎዳል። የጥራት አስተዳደር ሊቁ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ደጋግመው እንዳሳዩት፣ የተረጋጋን ሂደት በእያንዳንዱ ውጤት ስህተት ልክ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚያርም ሰው የውጤቱን ቫሪያንስ፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካያቸው የሚበታተኑበትን መጠን መለኪያ፣ እጥፍ ያደርገዋል። መዋዠቅን ያጠፋል የተባለው እርምጃ ራሱ መዋዠቅን ይወልዳል ማለት ነው። ሠራተኛውም ሥራውን ትቶ ሪፖርት ማሳመር ይጀምራል።

መሪ ታዲያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ወይ የሚሉ አሉ፤ ማንም እንዲህ አላለም። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሸዋርት የወትሮውን መዋዠቅ ከእውነተኛ ለውጥ የሚለየውን የቁጥጥር ቻርት ካስተዋወቁ፣ ማለትም ከአማካዩ በላይና በታች በ3 ሲግማ (ሲግማ የወትሮው መዋዠቅ መለኪያ ነው) ርቀት ወሰን ካሰመሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ሲቆጠር ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ቁጥሩ ከወሰኑ ሲወጣ፣ ወይም ለተከታታይ 8 ወራት ከአማካዩ በታች ሲውል መንስኤውን መመርመር የመሪ ግዴታ ነው። በወሰኑ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ግን የአሠራሩ ውጤት ነው፤ አማካዩ ካላረካ መለወጥ ያለበት አሠራሩ ሲሆን፣ ያንን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ደግሞ ተቆጪው ራሱ ነው። የተነሡት ኃላፊዎች፣ ከመነሣታቸው በፊት፣ ቢያንስ ያለፉት 24 ወራት ውጤት በአንድ ገጽ ተስሎ ስብሰባው ላይ እንዲታይላቸው መብታቸው ነበር።