ኬፍካ ወይስ ሬኖ፦ ከሁለቱ ጀሌዎች የከፋው የቱ ነው?

ለክርክር የቀረበው ጭብጥ ይህ ነው፦ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ለዋናው ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚያገለግለውን ጀሌ በእውነት ክፉ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከታዘዘው አልፎ በሰው ሥቃይ መደሰቱ ነው ወይስ ማንንም ሳይጠላ የታዘዘውን ሁሉ መፈጸሙ? ሁለቱም ተከራካሪዎች ምሳሌያቸውን የወሰዱት ፋይናል ፋንታሲ ከተባለው ተከታታይ ጌም ነው። ተከራካሪ ሀ እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣው ስድስተኛው ክፍል ኬፍካን፣ ተከራካሪ ለ በ1997 ከወጣው ሰባተኛው ክፍል ሬኖን ይዛ ቀርባለች። ጌሞቹን ገና ያልጨረሰ አንባቢ የታሪኩ መጨረሻ እዚህ እንደሚነገር ይወቅ።

ተከራካሪ ሀ

ከዶማ እጀምራለሁ። ዶማ ኬፍካ በሚያገለግለው በንጉሠ ነገሥት ጌስታል ጦር የተከበበች ግንብ ናት። ከበባውን የሚመራው ጄኔራል ሊዮ ወራሪ ሠራዊት ይምራ እንጂ የወታደሩ ነፍስ በከንቱ እንዳይጠፋ የሚጠነቀቅ፣ ጠላቱንም የሚያከብር ሰው ነው። ሊዮ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተጠርቶ ከሰፈሩ እንደወጣ ሜዳው ለኬፍካ ቀረለት። ኬፍካ ጊዜ አላጠፋም፤ ወደ ግንቡ የሚገባው ወንዝ እንዲመረዝ አደረገ። አንድ ወታደር እዚያ ውስጥ የተማረኩ የራሳችን ሰዎች አሉ ብሎ ቢያስታውሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የዶማው ጦረኛ ሳያን ንጉሡ ሲሞት አየ፤ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ሚስቱና ልጁም ሞተው ጠበቁት። በኋላ የሙታንን ነፍስ በሚያጓጉዘው ባቡር ላይ ሁለቱ ተሳፍረው ሲሄዱ ያያቸዋል። በመሳፈሪያው ላይ እየሮጠ ይከተላቸዋል፤ መሳፈሪያው ያልቅበታል። በዚያ ዘመን የጌም ገጸ ባሕርያት የጣት ቁመት የማይሞሉ ሥዕሎች ነበሩ። ያም ሆኖ ከዚያ ባቡር የበለጠ ልቤን የነካ የጌም ትዕይንት የለም።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ መርዙን ጦርነቱ ጠይቆት ነበር? አልጠየቀም። ከበባው ተይዟል፤ ሊዮም የራሱ ዕቅድ ነበረው። መርዙን የጨመረው ኬፍካ ነው። የጀሌ ክፋት የሚለካው እንዲህ ከታዘዘው በላይ ከራሱ በሚጨምረው ነው እላለሁ። ከጌስታል እጅ ያመለጠችውን ባለ አስማት ወጣት ቴራን ፈልገህ አምጣ ተብሎ ፊጋሮ ወደሚባል መንግሥት ሲላክ ሌሊት ቤተ መንግሥቱን በእሳት ለቀቀው። ለቴራ ራሷ ፈቃድን የሚነጥቅ ዘውድ አድርጎባት የገዛ ሠራዊቱን ወታደሮች በእሷ እጅ አቃጠለ። በዚህ ጌም ውስጥ ንግግር ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ የኬፍካ ሳቅ ግን በጆሮ ይሰማል። ሠሪዎቹ ከዚህ ሰው በድምፅ እንድንሰማ የፈለጉት እሱን ነው።

አእምሮው የተነካው በእሱ ላይ በተደረገው የአስማት ሙከራ ነው የሚሉ አሉ። ይህን የምንሰማው በዋና ከተማዋ በቬክተር ከምናገኘው ሰው ነው፤ እውነትም ይሆናል። ይሁን እንጂ የዚያው ጦር ጄኔራል ሴሌስም በእንዲህ ያለው ሙከራ አልፋለች። እሷ ዶማን ለመመረዝ የታሰበውን አውቃ ተቃወመች፤ በሰንሰለት ታሰረች።

የመጨረሻው ማስረጃዬ ጌታው ራሱ ነው። ለጀሌ ጌታውን ንሣውና ምን እንደሚቀር እይ። ኬፍካ ከምድር ወደ ሰማይ በተነሣው ደሴት ላይ ጌስታልን ገደለው፤ የዓለምን ሚዛን የያዙትን ሦስቱን ሐውልቶች ከቦታቸው አነቃነቀ፤ ምድር ተሰነጠቀች። ከዚያ በኋላ ከግንቡ አናት ሆኖ ያልታዘዙለትን ከተሞች በብርሃን ያቃጥል ነበር። ያን ጊዜ የሚያዘው ማንም አልነበረም።

ተከራካሪ ለ

ወንድሜ፣ ስለ ዶማ ከጻፍከው አንዲት ቃል አልቀንስም። የምከራከርህ ጀሌ የሚለውን ነገር ስለዘለልከው ነው። ጌታውን ገድሎ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ጀሌ መሆኑ ቀርቷል፤ አንተ የምትነግረን ስለ ዋናው ክፉ ነው። እኔ ጀሌ ሆኖ ስለኖረው ልንገርህ።

ሚድጋር ሁለት ደርብ ከተማ ናት። ሺንራ የተባለው የኃይል ማመንጫ ኩባንያ በምሶሶዎች ላይ ባነጠፈው ግዙፍ ወለል ላይ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ይኖራሉ፤ ከወለሉ ሥር የድሆች ሰፈር አለ። አቫላንች የሚባሉ በጣት የሚቆጠሩ አማፂዎች በሰባተኛው ሰፈር ተሸሽገዋል። የኩባንያው ፕሬዚዳንት እነሱን ለማጥፋት የመረጠው መንገድ ምሶሶውን አፍርሶ የላይኛውን ከተማ በታችኛው ላይ መጣል፣ ጥፋቱንም በአቫላንች ማላከክ ነው። ይህን እንዲፈጽም የተላከው ሬኖ ነው። ሬኖ ተርክስ የሚባለው ክፍል አባል ነው፤ በኩባንያው መዋቅር ውስጥ እንደማንኛውም ክፍል የተመዘገበ፣ ሥራው ግን መሰለል፣ ማፈንና መግደል የሆነ። ሬኖ ሱፉን እንደለበሰ ምሶሶው አናት ላይ ደረሰ፤ ቁልፉን ተጫነ። ከላይ የነበሩትም ከታች የነበሩትም አብረው አለቁ። ከላይ የነበሩት እኮ የኩባንያውን መብራት የሚያበሩ የራሱ ደንበኞች ናቸው።

ሬኖ ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም አይጠላም። ከመካከላቸው የበደለው የለም፤ ከሞታቸው የሚያገኘው ደስታም የለም።

ቆየት ብለን ዉታይ በምትባል ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ እናገኘዋለን። እረፍት ላይ ነው። እዚያው ፊት ለፊት የጌሙ ጀግና ክላውድና ጓደኞቹ ቆመዋል፤ ሊገድላቸው ሲያሳድዳቸው የኖሩት ናቸው። ሬኖ ግን አይነካቸውም፤ ዛሬ ሥራ አልገባማ። ይህን ትዕይንት ብዙ ተጫዋች ይወደዋል፤ ሬኖንም የሚወዱት በዚህ ነው። እኔ ግን በጌም ውስጥ ከዚህ የበለጠ ያስፈራኝ ነገር የለም። ሰባተኛው ሰፈር የሥራ ሰዓት ነበር፤ ዉታይ የእረፍት ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእሱ ይኸው ብቻ ነው። ጌሙም ይረዳዋል፤ የዉታይን ታሪክ ከጨረስክ በኋላ ሚድጋር ውስጥ ስትገናኙ ሳትዋጋው እንድታልፍ ምርጫ ይሰጥሃል።

ኬፍካን ማንም ያውቀዋል። ፊቱን ተቀብቶ፣ እየሳቀ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ለጌታው እንዴት እንደሚጠቅም ደግሞ ያው ስድስተኛው ክፍል ነግሮሃል። ጌስታል ሰላም ፈልጌአለሁ ብሎ ግብዣ ሲያደርግ ኬፍካን በዶማ ወንጀል አስሬዋለሁ ይላል፤ ምን ይደረግ ብሎም አንተን ተጫዋቹን ይጠይቅሃል። ይታሰር፣ ይማር ወይስ ይገደል? ተጫዋቹ እየመረጠ ሳለ ከበባውን ያዘዘው፣ አገር የወረረው ንጉሠ ነገሥት ከገበታው ራስ ተቀምጧል፤ እሱን ማን ይጠይቀዋል? ዕብድ ጀሌ የጌታው ማምለጫ ነው። እንደ ሬኖ ያለው ግን የጌታው እጅ ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ ሬኖም ኩባንያውን ተማምኖ ሰላማዊ እንቅልፍ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1945 የናዚ መሪዎች ለተዳኙበት ለኑረምበርግ ችሎት የተጻፈው ቻርተር የአለቃ ትእዛዝ ከተጠያቂነት አያድንም ያለው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ነበር።

ተከራካሪ ሀ

እህቴ፣ ያነሣሽው ቻርተር ያንኑ ከተናገረ በኋላ ትእዛዝ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን እንደሚችልም ይናገራል። ለምን ይመስልሻል? ሕግ አውጪዎቹ በታዘዘና ያለ ትእዛዝ በሠራ መካከል ልዩነት እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ሬኖ ጥፋተኛ ነው፤ ይህን አልክድም። የእኛ ጥያቄ ግን ማን በእውነት፣ እስከ ሥሩ ድረስ ክፉ ነው የሚል ነው።

ሬኖ እስከ ሥሩ ክፉ አይደለም። ዉታይ ላይ ባልደረባውን ኤሌናን ኮርኔዮ የሚባል ወሮበላ ሲያፍናት ሬኖ እረፍቱን ትቶ ተነሣ፤ ከክላውድ ጋር ሆኖ አስለቀቃት። በውስጡ ለሰው የሚሆን ነገር ቀርቶታል ማለት ነው። በኬፍካ ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር አሳዪኝ። ከእሱ ጋር የተሰለፈ፣ እሱ የሚያዝንለት፣ ሲሞት የሚያስበው አንድ ሰው አለ? ሊዮ የአንድ ጦር ባልደረባው ነበር፤ ታማሳ በምትባል መንደር በንጉሠ ነገሥቱ አምሳል አታልሎ ገደለው።

ግብዣውን ያነሣሽው ደግሞ ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። ጌስታል ኬፍካን መሣሪያ አድርጌዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር፤ መጨረሻው በገዛ ጀሌው እጅ ከሰማይ መወርወር ሆነ። የሬኖ ክፋት ልክ አለው፤ ፕሬዚዳንቱ ቁልፉን አትጫን ቢለው አይጫንም። ኬፍካን አቁም ብሎ የሚያቆመው ሥልጣን የለም።

እስቲ በዚያው ኩባንያ ውስጥ ያለውን ሪቭን ልጠይቅሽ። የከተማ ልማት ኃላፊ ነው፤ ወለሉ ሊጣል ሲወሰን ስብሰባው ላይ ተቃውሟል። ነገር ግን ሥራውን አልለቀቀም። ቆይቶም የአቫላንች መሪ የባሬትን ልጅ፣ ሕፃኗን ማርሊንን መያዣ አድርጎ ክላውድን አስገድዷል። እሱም ደመወዝተኛ ነው፤ በአንቺ ሚዛን ሪቭ ከኬፍካ ይብሳል ማለት ነው?

ተከራካሪ ለ

አይብስም፤ ለምን እንደማይብስ ልንገርህ። አስቀድሜ ግን ስለ ማቅለያው። ኑረምበርግ ላይ የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ካይቴል ትእዛዝ ነበር ብሎ ተከራከረ። ችሎቱ ይህን ያህል አሰቃቂና ሰፊ ወንጀል እያወቁ ለፈጸሙ የአለቃ ትእዛዝ ማቅለያ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደበት። ሰባተኛውን ሰፈር በዚህ መዝነው።

ሪቭ የሞቱትን ይቆጥራል። ባሬት ስለ ሰባተኛው ሰፈር ሲቆጣ ሪቭ መልሶ አቫላንች የኩባንያውን ኃይል ማመንጫ ሬአክተር ሲያፈነዳ ስለሞቱት ሰዎች ይጠይቀዋል፤ ለአንተ ጥቂት ናቸው፣ ለሞቱት ግን ሁሉ ነገር ነው ይለዋል። በጌሙ ውስጥ ይህን ጥያቄ ለጀግኖቹ የሚያቀርብላቸው የጠላት ሹም ነው። ጌሙን ከወደድኩባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው። ሪቭ በደል ሠርቷል፤ ግን በሥራው ምክንያት የሞተ ሰው ፊቱ ላይ አለ፤ በኋላም ከውስጥ ሆኖ ኩባንያውን የተቃወመው ከዚህ የተነሣ ነው። ሬኖ ግን ለኤሌና የሚነሣው ባልደረባው ስለሆነች ነው። የራሱን ሰው መውደድ ወንበዴም ያውቅበታል። ከወለሉ ሥር ያለቁት ለእሱ የማንም ሰዎች አይደሉም።

ሴሌስን እንደ ምስክር ጠርተሃት የለ? ሴሌስ ማራንዳ የምትባል ከተማን አቃጥላለች። ሳያን መጀመሪያ ሲያያት የጮኸባት ለዚሁ ነው። ከእኛ መካከል ማራንዳን የሚያስታውስ ስንት ነው? ስትቃጠል አላየንም፤ የሳቀም አልነበረም፤ ስለዚህ ረሳነው። ዶማን የምናስታውሰው ኬፍካ ስለሳቀ ነው። ይህ የእኛ የተጫዋቾች ድክመት ነው፤ ሬኖም የሚኖረው በዚህ ድክመት ውስጥ ነው።

ደግሞም ኬፍካ ዶማ ላይ ገና አምላክ አልሆነም፤ ሰው ነበር። አንድ ወታደር ተናገረው፤ ከዚያ በኋላ እጁን የያዘው የለም። በዚያ ሰፈር የነበሩት ሌሎቹ ወታደሮች ምን ነበሩ? ሬኖዎች ነበሩ። እነሱ ባይኖሩ ኬፍካ ፊቱን የተቀባ አንድ ብቸኛ ሰው ነው።

ተከራካሪ ሀ

ሬኖ የሞቱትን አይቆጥርም አልሽ። ልክ ነሽ፤ ኬፍካ ግን ይቆጥራቸዋል፤ የሚያስደስተውም ቁጥራቸው ነው። ሰው መሆናቸውን፣ የሚወዱት እንዳላቸው ያውቃል። በመጨረሻው ፍልሚያ ቴራና ጓደኞቿ እያንዳንዳቸው የሚኖሩለትን ነገር ይነግሩታል፤ አንዱ ፍቅርን፣ ሌላው ወንድሙን፣ ሌላዋ ቤተሰቧን። ሁሉንም ሰማ፤ ተጸየፈው፤ አጠፋዋለሁ አለ። የማያስብን ሰው ማሳሰብ ይቻላል። አንድ ሰው ለሬኖ ከታች ያሉት ሰዎች ናቸው ብሎ ቢነግረው ምናልባት ይሰማል። ለኬፍካ ሁሉም ተነግሮታል።

ተከራካሪ ለ

ለሬኖም ተነግሮታል፣ ወንድሜ። የአቫላንች አባል የሆነችው ቲፋ ምሶሶው አናት ላይ ፊቱ ቆማ ነበር። ቤቷም፣ መጠጥ ቤቷም፣ የምታሳድጋት ሕፃንም እዚያው ሰባተኛው ሰፈር ውስጥ ናቸው። ቁልፉን እንደተጫነ ማስቆም አለብን፣ እባካችሁ ብላ እዚያው ፊቱ ጓደኞቿን ለመነች። ሰማት፤ መለሰላትም፤ ማንም የተርክስን ሥራ አያስተጓጉልም አላት። እንዲያስቆሙትም አልፈቀደም።