የክላርኔት ነፊው ድርሻ የት ገባ?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ዜና ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ክላርኔት ብቻውን መጣ። ትዝታ ነው፣ ዘፋኝ የለበትም። ረዳቱ ሳይቀር ሳንቲም መቁጠሩን ገታ አደረገ። ከዚያ ዜናው ገብቶ ቆረጠው። የነፋው ሰው ስም አልተጠራም።

ጄምስ ፔትሪሎ ትዝ አለኝ። የቺካጎ ልጅ ነው፣ ከጣሊያን የተሰደደ የፍሳሽ ቦይ ቆፋሪ ልጅ። ትራምፔት ይነፋ ነበር፣ ጉልበቱ ግን የሙዚቀኞች ማኅበር በመምራት ላይ ነው። (ጀርም ስለሚፈራ ሰው የሚጨብጠው በትንሿ ጣቱ ነበር ይባላል።) እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እስከ 1958 ከወንበሩ አልወረደም። በ1942 አባሎቹ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ። ያውም በጦርነት መሃል! ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው ተው ቢሉት እምቢ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚቀኛው አንዴ ስቱዲዮ ገብቶ ይጫወታል፣ የቀኑን ተቀብሎ ይወጣል። ሸክላው ግን በየሬዲዮ ጣቢያውና በየመጠጥ ቤቱ ሲሽከረከር ይኖራል። እዚያው ቤት በአካል ሲጫወት የነበረው ባልደረባው ደግሞ ሥራ ያጣል። ፔትሪሎ «ከሚሸጠው ሸክላ ለሙዚቀኛው ድርሻ ይውጣ» ነው ያለው። ጋዜጦች አምባገነን አሉት። ጠባዩን ካየን አልተሳሳቱም። ጥያቄው ግን ልክ ነበር።

ነፊው እንዴት እንደሚረሳ ለማየት ደግሞ፣ በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የጆርጅ ገርሽዊን ሥራ «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የሚከፍተው ክላርኔት ብቻውን ነበር። ነፊው ሮስ ጎርማን ይባላል። ልምምድ ላይ ለቀልድ ብሎ ድምፁን ከታች ወደ ላይ እየጎተተ፣ እያንሸራተተ ነፋው። ገርሽዊን ወደደውና እንደዚያው ይሁን አለ። ዛሬም ዓለም የሚያውቀው ያንን መክፈቻ ነው። ገርሽዊንን የማያውቅ የለም። ጎርማንን ግን ማን ያውቀዋል?

ወደ ፔትሪሎ እንመለስ፤ የ1942ቱ እገዳ፣ ማለትም አድማው፣ ድል ነበር ወይ? በከፊል። በ1944 መጨረሻ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅ ሰጡ፣ ከየሸክላው ለማኅበሩ ፈንድ መክፈል ጀመሩ። ግን ድምፃውያን የማኅበሩ አባል ስላልነበሩ እገዳው አልነካቸውም። ኩባንያዎቹም በመዘምራን እያሳጀቡ ይቀርጿቸው ነበር። እንደ ቤኒ ጉድማን ባሉ ክላርኔት ነፊዎች የሚመሩት ባንዶች ከስቱዲዮ ሲርቁ ዘፋኙ ፊት ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ነው። የፈንዱ ገንዘብም ለነፃ የሕዝብ ኮንሰርት ዋለ እንጂ ሸክላው ላይ ለተጫወተው ሰው ኪስ አልገባም። የሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ሙዚቀኞች በዚህ ተቆጥተው በ1958 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ኮንሰርቱ ጥሩ ነው፤ ቺካጎ ግራንት ፓርክ ውስጥ ዛሬም በፔትሪሎ ስም የሚጠራ መድረክ አለ። ግን የነፋው ሰው ድርሻ ለነፋው ሰው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሽለላን በሳክስፎን ያናገረው ጌታቸው መኩሪያ ስሙ ተርፏል፣ ዓለምም ዞሯል። ከሌላ ሰው ድምፅ ኋላ ሲነፉ የኖሩትስ? ሕግ የለም እንዳንል አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን፣ ማለትም የሚጫወተውንና የሚዘፍነውን ሰው፣ መብት ያውቃል። ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ (ሥራው በተጫወተ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለው ድርሻ) በጋራ የሚሰበሰብበትን መንገድ አበጅቷል። ሮያሊቲ ሲነሳ ግን በእኛ ወሬ ቶሎ የሚጠራው ዘፋኙ ነው፣ ቀጥሎ የግጥምና የዜማ ደራሲው። አጃቢው ከመጨረሻ ነው፣ እሱም ከታወሰ። ጣቢያው ያጫወተውን ሲመዘግብ የነፊውን ስም ካልያዘ፣ ገንዘቡ ቢሰበሰብ እንኳ ለማን ይከፈላል?

ከታክሲው ከመውረዴ በፊት ሾፌሩን «ቅድም የነፋው ማን ነበር?» አልኩት።

«እሱማ የድሮ ሙዚቃ ነው» አለኝ።