ይድረስ ለክቡር ደወላችን

ጉዳዩ፦ የቅዳሜና እሁድ ዕረፍት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡03 ላይ ነው። ከሦስት ደቂቃ በፊት ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጠርተውኛል። ደንግጬ ተነሣሁና በመስኮት አየሁ። ሰልፍ የለም። ተማሪ የለም። ሜዳው ላይ ቡቺ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ተኝቷል።

ራሴን ላስተዋውቅ። የመምህራን መኖሪያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እርስዎ የተሰቀሉበት ምሰሶ ከመኝታ ቤቴ መስኮት አምስት ሜትር ቢርቅ ነው። ውሌ ላይ «የውጭ አገር ዜጋ» ይላል፤ በወረቀት ፈረንጅ ነኝ ማለት ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ አለኝ፣ ሽሮዬንም በእጄ ነው የምበላው፣ ግን የግቢው ሰው «አበሻው ፈረንጅ» ይለኛል።

ሚኔሶታ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። አሥራ አራቱንም ዓመት ቅዳሜና እሁድ ደብል ነው የሠራሁት። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ። ሰው «ለምን ተመለስክ?» ሲለኝ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ወገን፣ ስለ ትውልድ እደረድራለሁ። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎት። የተመለስኩት ቅዳሜ ጠዋት ለመተኛት ነው።

አራት ኪሎና ፒያሳ መሃል ተቀምጦ ጸጥታ የሚመኝ ሰው ሞኝ ነው፣ አውቃለሁ። ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ አለ። «ቁራሌው!» አለ። በሠርግ ወቅት የመኪናው ጥሩምባ አለ። ግን እነዚህ ሁሉ ምክንያት አላቸው። ቅዳሴው ለነፍሴ ነው። ቁራሌው ለእንጀራው ነው፤ እንዲያውም አንድ ቀን የተሰበረ ምጣድ ሳይከራከር ወስዶልኛል። ሙሽሮቹስ፣ እሺ፣ አንድ ቀናቸው ነው። እርስዎ ግን ማንን ነው የሚጠሩት?

ቆጥሬያለሁ። በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ይጮኻሉ። ለባንዲራ 2፡00፣ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 2፡10፣ ከዚያ በየአርባ ደቂቃው። 4፡10 የዕረፍት፣ 6፡25 የምሳ፣ 8፡50 የመውጫ። እሁድም እንደዚሁ። ከዚህ ግቢ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ርዕሰ መምህሩ እንኳ የእርስዎን ግማሽ ያህል አይገኙም። (ይህች በመካከላችን ትቅር።)

የ4፡10 ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ሰኞ እስከ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ዳቦና ሳምቡሳ ይዘው ሜዳው ላይ ይበተናሉ። ጭልፊቶቹ ይህን ያውቃሉ። ከጣሪያው ላይ ሆነው እርስዎን ይጠብቃሉ፤ ሲጮኹ ይነሣሉ፤ ካንዱ ልጅ እጅ ዳቦ መንትፈው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ግን ማን ይንገራቸው? የዛሬ ሁለት ሳምንት ልብሴን ላሰጣ ወረድኩ። በአንድ እጄ ባልዲ፣ በሌላው ከበር የገዛኋት ትኩስ የምስር ሳምቡሳ። እርስዎ ጮኹ። ቀና ብል ሰባት ጭልፊት ከጣሪያው ተነሥቷል። ሜዳው ላይ ምግብ የያዘ ፍጡር አንድ እኔ ነኝ። ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ። አንዱ በግራ ጆሮዬ በኩል «ሽው» አለና ሳምቡሳዋን ከእጄ ላይ ወሰዳት፤ አውራ ጣቴንም ቧጠጠኝ። የታጠበው ልብስ አቧራ ላይ ቀረ። ዘበኛችን ከጎጇቸው ሆነው «ቲቸር፣ በዕረፍት ሰዓት ውጭ አይበላም እኮ!» አሉኝ።

ቡቺም ተጎጂ ነው። 6፡25 ሲሉ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ይንጠራራል፣ ጭራውን እየቆላ ወደ ካፍቴሪያው ይሄዳል። ተዘግቷል። ትንሽ ያሸታል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይመለሳል። እሁድም ይሄዳል። ውሻ ተስፋ አይቆርጥም።

አሁን ወደ መብራቱ። ሰዓትዎ ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በሥራ ቀን ጸሐፊዋ ታስተካክለዋለች። አንድ ዓርብ ማታ ግን መብራት ሄዶ አሥር ሰዓት ሙሉ ቆይቶ መጣ። እኔ ቅዳሜን ድብን ብዬ ተኛሁ፤ ስለታችን ሰመረ ብዬ ነበር። ከምሽቱ 12፡00 ሲሆን ለባንዲራ ጠሩን። ምሳ ከምሽቱ 4፡25 ወጣን። ትምህርት ያለቀው ከሌሊቱ 6፡50 ነው። በማግሥቱ ከአጥሩ ውጭ ቡና የሚያፈሉት እትዬ «ምነው፣ የማታ ትምህርት ጀመራችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ለልጃቸው ምዝገባ ፈልገው ነበር።

ጎረቤቴ ሆላንዳዊት ናት። እንደመጣች ሰሞን ይህ የቅዳሜ ደወል የምን በዓል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአገር ገመና ለባዕድ አይነገርም ብዬ «ባህላችን ነው» አልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን እንግዳ በመጣላት ቁጥር ድንቅነሽን ለማሳየት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ከመሄዳቸው በፊት ምሰሶው ሥር አቁማ ታስደምጣቸዋለች። ፎቶም ያነሡዎታል። ድንቅነሽን ባሰብኩ ቁጥር እቀናለሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም አፋር ምድር ውስጥ ተኝታ እስከ 1967 ዓ.ም. የነካት የለም። እኛ ግቢ ብትተኛ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አያልፋትም ነበር።

ላጠፋዎት ሳልሞክር የቀረሁ እንዳይመስልዎት። ማጥፊያዎ ጸሐፊዋ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው ተቆልፏል። ቁልፉ ጸሐፊዋ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳው ለገጣፎ ነው። ዘበኛችንን «ጋሼ፣ ሽቦውን ብንቆርጠውስ?» ብላቸው ዱላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ቲቸር፣ የመንግሥትም ባይሆን ንብረት ነው። ያለ ደብዳቤ አይነካም።»

«ለማን ልጻፍ?»

«ለሚመለከተው።»

አሰብኩበት። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዬ ቀና ስል መስኮቴን ፊት ለፊት የሚመለከተው እርስዎ ብቻ ነዎት። ለዚህ ነው ደብዳቤው ወደ እርስዎ የመጣው።

አንተ ግን ትንሽ ይሉኝታ የለህም? በሰንበት? በሰው እንቅልፍ? ... ይቅርታ ክቡር ሆይ። የአፍ ወለምታ ነው፣ በቅቤ አይታሽም። 2፡10 ሆኖ ስለጮኹብኝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መደበቅ አልችልም። ያለፈው ሰኞ መብራት ከሌሊት ጀምሮ አልነበረም። እርስዎ ዝም አሉ። ዘበኛችን ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የጥንቱን ቸርኬ በብረት ሲቀጠቅጡ ተማሪው ሁሉ ተሰለፈ አሉ። እኔ አልሰማሁም። ለካ ጆሮዬ ከእርስዎ በቀር ሌላ አይሰማም። 3፡00 ላይ በሬ ሲንኳኳ ከሕልሜ አልነቃሁም ነበር። 9ኛ ቢ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ሲጨፍር አሳልፏል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ምክንያቴንም በጽሑፍ እንድገልጽ ታዘዝኩ። ምን ብዬ ልጻፍ? «ደወል ስላልተደወለ» ብዬ ጻፍኩ።

ስለሆነም ሰኞ እንዳይቀሩብኝ እየለመንኩ፣ ቅዳሜና እሁድ ግን እረፍት እንዲወጡ፣ እረፍቱ ካልተፈቀደ ቢያንስ የ4፡10ን እንዲዘሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አበሻው ፈረንጅ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዋ (ቁልፉን ለማስታወስ)፣ ለገጣፎ
ለቡቺ (ካፍቴሪያው ዝግ መሆኑን እንዲያውቅ)
ለጭልፊቶቹ (ሳምቡሳዋን የወሰደው ራሱን ያውቃል)
ለ9ኛ ቢ (አትልመዱት)