ላባችሁን በሰው ስም አታስቀምጡ

ለሥራ ከአገር ለመውጣት የተዘጋጃችሁ፣ ወጥታችሁም በሰው አገር ደፋ ቀና የምትሉ ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ቪዛ ለማግኘት ወራት ትሮጣላችሁ፤ የደመወዙን መጠን ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ሻንጣችሁን ስታስሩና ስትፈቱ ታድራላችሁ። ያ ደመወዝ በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ፣ በማን ስም እንደሚቀመጥ፣ በምን መንገድ እንደሚላክ ግን ቁጭ ብላችሁ አታስቡበትም። ይህን አይቼ ዝም ለማለት አልቻልኩም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምወቅሳችሁ ያፈራችሁትን ሁሉ በዘመድ ሂሳብ በማጠራቀማችሁ ነው። «ወንድሜ አይከዳኝም» ትላላችሁ። እኔ ስለ ወንድማችሁ ታማኝነት አልከራከርም። ባንክና ፍርድ ቤት ግን የሚያውቁት በሂሳቡ ላይ የሰፈረውን ስም ነው። ወንድማችሁ በድንገት ቢሞት ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይቆጠራል። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ያሳግደዋል። ትዳሩ ቢፈርስ «የጋራ ሀብት ነው» የሚል ክርክር ይነሳበታል። ያን ጊዜ አባታቸውን ካጡ ልጆች ጋር ልትካሰሱ ነው፤ ማስረጃችሁስ ምንድን ነው? በየወሩ የሞላችሁት የመላኪያ ቅጽ አይደለም? ቅጹን አውጡና የመላኩን ምክንያት የሚጠይቀውን መስመር አንብቡ። «ለቤተሰብ ድጋፍ» ብላችሁ በእጃችሁ ጽፋችኋል። ለቁጠባ የላካችሁትን ገንዘብ እናንተው ራሳችሁ ስጦታ አደረጋችሁት ማለት ነው።

ለእናትና ለአባት መላክ ግዴታም ክብርም ነው፤ ከዚያ ማንም አይከለክላችሁም። የምለው የቤተሰቡ ድርሻና የእናንተ ጥሪት ይለያይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በራሳችሁ ስም ሂሳብ ክፈቱ፤ ለቤተሰብ የሚሆነው ወደ ቤተሰብ፣ የሚቆጠበው ወደ እናንተ ሂሳብ ይሂድ። በእናንተ ስም ሆኖ የሚያንቀሳቅስላችሁ ሰው ካስፈለገ ውክልና አለ። ውክልናውን ግን «ማንኛውንም ጉዳዬን» ብላችሁ አትስጡ። የትኛውን ሂሳብ፣ እስከ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚለው በግልጽ ይጻፍበት። ብትሽሩት መሻራችሁን ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ባንኩ ካላወቀ ተወካዩ ነገም መስኮቱ ላይ ቆሞ ያወጣል። ደግሞም በብዙ አገር ሕግ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል፤ ስለዚህ በየትኛው ባንክ ሂሳብ እንዳላችሁ የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው ይኑር። የምስጢር ቁጥሩን አይወቅ፤ የባንኩን ስም ብቻ ይወቅ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልክ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላችኋል፤ ብዙ ሰው ከገዛ ገንዘቡ የተቆራረጠው ግን በዚህ ነው። ሌሊት ከሥራ ገብታችሁ የባንካችሁን መተግበሪያ ትከፍታላችሁ። የይለፍ ቃሉን በትክክል ታስገባላችሁ። ስክሪኑ «የማረጋገጫ ቁጥር በስልክዎ ልከናል» ይላል፤ የላከው ግን አገር ቤት ትታችሁት ወደመጣችሁት ቁጥር ነው። ሲም ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ሳይሞላ ከርሟል። ቴሌኮም ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ ያልሠራን ቁጥር ዘግተው ለሌላ ደንበኛ ስለሚሰጡ፣ የእናንተን ገንዘብ የሚያስከፍተው መልእክት የማታውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ሊጮህ ይችላል። ባንኩ ስትደውሉለት «በአካል ቅረቡ» ይላችኋል። ለአንድ ቁጥር ስትሉ የአውሮፕላን ትኬት ልትቆርጡ ነው?

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ። የውጭ አገር ስልክ ቁጥር ይመዘግባል? በመልእክት ፈንታ በመተግበሪያው ውስጥ የሚያረጋግጥ መንገድ አለው? ሁለቱም ከሌሉ ሲሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ የውጭ አገር አገልግሎቱን አስከፍቱ፤ ቁጥሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው ሙሉት። ረጅም ጊዜ ገቢም ወጪም ያልታየበት ሂሳብም እንቅስቃሴ የሌለው ተብሎ ይታገዳልና አልፎ አልፎ ጥቂት ገንዘብ አስገቡበት።

ወደ መላኩ ልምጣ። አብዛኛው ላኪ «የአገልግሎቱ ክፍያ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ዜሮ» ሲባል ደስ ብሎት ይሰለፋል። ላኪ ድርጅት ያለ ትርፍ አይሠራም፤ ትርፉን ከምንዛሪው ይወስደዋል። 200 ዶላር ስትልኩ ድርጅቱ የሰጣችሁ ምንዛሪ በዕለቱ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ዋጋ በ4 በመቶ ዝቅ ካለ፣ 8 ዶላር ከእጃችሁ ወጥቷል፤ ደረሰኙ ላይ ግን «ክፍያ የለም» ተብሏል። 3 ዶላር በግልጽ የሚያስከፍልና ምንዛሪውን የማይነካ ድርጅት ይሻላችሁ ነበር። መመዘኛው አንድ ነው፦ ከኪሴ ይህን ያህል ሲወጣ ተቀባዩ እጅ ስንት ይገባል? ይህን ቢያንስ ከሦስት ቦታ ሳትጠይቁ አትላኩ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቀው የልማት ግብ የስደተኛ ሠራተኛ የመላኪያ ወጪ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ተስማምቷል፤ የዓለም ባንክ የሚከታተለው አማካይ ግን ዛሬም 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ከላኪዎች ሁሉ ውዱ ደግሞ ባንክ ነው። በየወሩ የምትልኩ ሰዎች ይህ ልዩነት በዓመት ስንት እንደሚሆን አስሉት።

በባንክ በኩል ስትልኩ ደግሞ ክፍያውን ማን ይሸፍን የሚል ምርጫ ቅጹ ላይ አለ፤ ላኪው ብቻ፣ ሁለቱም ተካፍለው፣ ወይም ተቀባዩ ብቻ። ሳታነቡ ካለፋችሁት በመንገድ ላይ ያሉት መካከለኛ ባንኮች ከገንዘቡ እየቆረሱ ያሳልፉታል፤ ለትምህርት ቤት ክፍያ የላካችሁትም ጎድሎ ይደርሳል። ቁጥሮቹን አጣርታችሁ ጻፉ። ስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ነው፤ የባንኩ እንጂ የሰውየው መለያ አይደለም። አይባን የሚባለው እስከ 34 የሚደርስ የሂሳብ ቁጥር ሲሆን በአገሩ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የአጻጻፍ ስሕተትን ለመያዝ የተቀመጡ ናቸው። ሁሉም አገር ግን አይባን የለውም፤ አሜሪካ የምትጠቀመው ባለ 9 አኃዝ የባንክ መለያ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ልካችሁ መድረሱን ሳታረጋግጡ ትልቁን አትልኩ።

አሁን በጣም የማዝንበትን ልናገር። የራሱን ሂሳብ ለሌላ ሰው የሚያውስ ወገን አለ። «በሂሳብህ ገንዘብ ይገባል፤ ጥቂቱን ለራስህ አስቀርተህ ቀሪውን ላክ» ይሉታል፤ ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ያ የተሰረቀ ወይም የተጭበረበረ ገንዘብ ነው። ፖሊስ ሲመጣ የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው። «አላወቅኩም» ማለት ሂሳባችሁን ከመታገድ፣ እናንተንም ከመባረርና ከመታሰር ላያድን ይችላል። ወገናችሁም ቢሆን፣ ጓደኛችሁም ቢሆን፣ አበዳሪያችሁም ቢሆን እንቢ በሉ። ደረሰኝ በማይሰጥ ሰው እጅ መላክም ከዚህ አይርቅም። ዛሬ በተሻለ ምንዛሪ ደርሶላችሁ ይሆናል፤ ነገ ቤት ስትገዙ ባንኩ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ሲላችሁ የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም። ከመቶ የሚበልጡ አገሮች በሌላ አገር ግብር የሚከፍሉ ሰዎችን የሂሳብ መረጃ ለግብር ባለሥልጣኖቻቸው በየዓመቱ የሚለዋወጡበት ዘመን ነው። ባንክ ግብር የምትከፍሉበትን አገር ሲጠይቃችሁ እውነቱን ጻፉ፤ ደረሰኞቻችሁንም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

በሄዳችሁበት አገር ደመወዛችሁ በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሂሳብ እንዲገባ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደመወዝ በባንክ ሥርዓት በኩል እንዲከፈል ማስገደድ የጀመሩት፣ በእጅ ሲከፈል «ከፍያለሁ»፣ «አልተከፈለኝም» የሚል ጠብ ቢነሳ ማስረጃ ስለሚጠፋ ነው። ካርዱ በአሠሪ ወይም በደላላ እጅ ከቆየ ሂሳቡ የእናንተ አይደለም። «ለደኅንነትህ ብዬ ነው የያዝኩልህ» የሚል ሰው ቢኖር ካርዳችሁን በትሕትና ከእጁ ተቀበሉ፤ በዚያው ቀን የምስጢር ቁጥሩን ቀይሩ።

ስትመለሱም ቸኩላችሁ ሂሳብ አትዝጉ። የመጨረሻው ደመወዝና የአገልግሎት ካሳው ገብቶ እዩ፤ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለ ከፍላችሁ ከዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበሉ። በአንዳንድ አገር ያልተከፈለ የባንክ ዕዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስቆማል። ደብዳቤው በእጃችሁ ሲገባ ቀሪውን ወደ ራሳችሁ ሂሳብ አስተላልፋችሁ ዝጉት።