በሻንጣችን ያልገባው ገበጣ

ነሐሴ ላይ ለንደን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆች ቤት ይውላሉ። ወላጅ ደግሞ የት ልውሰዳቸው እያለ ይጨነቃል። እኔም አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ሰሜን ለንደን ሄድኩ። ፊንችሊ መንገድ ላይ ጄደብሊው ስሪ የሚባል የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል አለ። የአእምሮ ስፖርት ኦሎምፒያድ የሚባለው ውድድር እዚያ ይካሄድ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው በ1997 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ቼዝ አለ፣ ዳማ አለ፣ ባክጋሞን አለ፣ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ብዙ ጨዋታ አለ። በየጨዋታው ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ይሰጣል። በአምስት የተለያዩ ጨዋታዎች ተደምሮ የበለጠ ነጥብ ያመጣ ደግሞ ፔንታማይንድ የሚባለውን ማዕረግ ይወስዳል። እኔን የገረመኝ ግን የሚጫወተው ሰው ነው። የዓለም ሻምፒዮን የተባለ ሰውና ሕጉን በቅርቡ የተማረ ሰው ዕጣ ካገናኛቸው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። መመዝገቢያውን ትከፍላለህ፣ ትገባለህ፣ ትጫወታለህ። ከየት መሥሪያ ቤት ነው የተላክኸው፣ ደብዳቤህስ የታለ የሚል ሰው የለም።

ልጄን የወሰድኳት ለቼዙ ነበር። እሷ ግን ጥግ ላይ ያለ አንድ ጠረጴዛ ጋ ደርሳ ቆመች። ልጠራት ስሄድ እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከእንጨት የተፈለፈለ ሰሌዳ ነው። በዚህ በኩል ስድስት ጉድጓድ፣ በዚያ በኩል ስድስት። ውስጡ እንደ ጠጠር ያለ ግራጫ ፍሬ ሞልቶበታል። አንድ ሸምገል ያለ ሰው ከአንዱ ጉድጓድ ፍሬውን ጠራርጎ አነሣ። ዓይኑ የባላጋራው ፊት ላይ ነው። ጣቶቹ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ በየጉድጓዱ ጣለ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። አያቴ ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ ድንጋይ አጠገብ የሰማሁት ድምፅ ነው። አያቴ ጉድጓድ በያዘች ቁጥር «ላሜ ወለደች!» ብላ ታጨበጭብ ነበር።

«አባ፣ ይሄ ምንድነው?» አለችኝ ልጄ።

«ገበጣ ነው» አልኳት።

«ቤት አለን?»

የለንም። ለአንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ጠረጴዛው ላይ የተጻፈው ስም ኦዋሬ ነው። ጋናዎች እንዲያ ይሉታል። ሕጉ ቀላል ነው፣ ጨዋታው ግን ከባድ ነው። በ12 ጉድጓድ አራት አራት ፍሬ ይደረጋል፣ በድምሩ 48። 25 የሰበሰበ አሸነፈ። አንድ ሕጉን በጣም ወደድኩት። ባላጋራህ በእሱ በኩል ያለው ፍሬ ካለቀበት፣ ከቻልክ ወደ እሱ የሚደርስ ጨዋታ መጫወት ግዴታህ ነው። ባዶውን ትተኸው ዝም ማለት አይፈቀድልህም።

በዚህ ውድድር በኦዋሬ ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ ትሬቨር ሳይመን ነው። ወርቁን ደጋግሞ ወስዷል። የጋና ሰው ግን አይደለም። የመጣው ከአንቲጓ፣ ከካሪቢያን ደሴት ነው። እዚያ ጨዋታውን ዋሪ ይሉታል። እንዴት ደረሰ ብትሉ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው ይዘውት የሄዱት። እጃቸው ታስሮ፣ መርከብ ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ስማቸውን እንኳ ተነጥቀው። ሰሌዳ አልያዙም፣ ፍሬ አልያዙም። ጨዋታውን በጭንቅላታቸው ይዘው ተሻገሩ። ለልጆቻቸው አስተማሩ፣ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸው ለንደን መጥተው ወርቅ ወሰዱበት።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። እኛ ምን ይዘን መጣን? አብዛኛው የእኔ ቢጤ በአውሮፕላን ነው የመጣው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው አለ፣ ሽሮው አለ፣ ኮረሪማው አለ፣ ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ አለ። ሱዳንንና ሊቢያን በእግሩ አቋርጦ፣ ባሕር ላይ ከሞት ጋር ተናንቆ የመጣውን ወንድማችንን አልረሳሁትም፤ እሱ ነፍሱን ይዞ መድረሱ ይበቃል። እኔ የምናገረው ስለ እኔና ስለ እኔ ቢጤዎች ነው። ለጨዋታው ኪሎ አያስፈልገውም ነበር።

ገበጣ እኮ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። አርኪኦሎጂስቶች በትግራይዋ የሐና በኤርትራዋ መጠራ ያገኟቸውን የገበጣ ጉድጓዶች በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደሆኑ የገመቱ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያቋቋሙት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ብቻ ከመቶ በላይ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ደግሞ ሌላው ዓለም በሁለት ወይም በአራት ረድፍ ሲጫወት፣ ባለሦስት ረድፉ ገበጣ የሚገኘው በእኛ አካባቢ ነው።

ከመቶ በላይ! ሀብት ነው። ግን እዚህ ሲመጣ የሚያደናቅፈንም እሱ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቤት ከአዲስ አበባ የመጣ የሚያምር የገበጣ ሰሌዳ አለ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ ቁልፍና ሳንቲም ይጣልበታል። አንድ ፋሲካ ላይ አውርደን ልንጫወት ሞከርን። እሱ ጎጃም ነው ያደገው፣ እኔ ወሎ። የመጨረሻው ጠጠር ሌላ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ አንሥተህ ትቀጥላለህ እላለሁ። የለም፣ እዚያ ላይ ያበቃል ይላል። ሩብ ሰዓት ተከራከርን። ቡናው መጣ፣ ቁልፉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ካዛኮች ግን ምን አደረጉ? ቶጉዝኩማላክ የሚባል የገበጣ ዘመድ የሆነ ጨዋታ አላቸው። በየወገኑ ዘጠኝ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ዘጠኝ ጠጠር፣ በጠቅላላው 162። 82 የያዘ አሸነፈ። ይሄም የእረኛ ጨዋታ ነበር። ሕጉን ጻፉት፣ ማኅበር አቋቋሙ፣ የዓለም ሻምፒዮና አደረጉለት። በ2020 ካዛክስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ አንድ ላይ ሆነው ይህን የጨዋታ ቤተሰብ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ አድርገው አስመዘገቡ። የአንዱ መንደር አጨዋወት ከሌላው ይለይ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የሰው ልጅ ነውና። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያለ ክርክር የሚቀመጡበት አንድ ሕግ ግን አበጁ። የመንደሩ ጨዋታ በዚህ አይጠፋም፤ መንደርህ ስትመለስ በመንደርህ ሕግ ትጫወታለህ።

አገር ቤት ጨዋታ ሞቷል እንዳልል ሞቶ አያውቅም። አዲስ አበባ የዛፍ ጥላ ባለበት ሁሉ ዳማ አለ። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ፣ በለስላሳና በቢራ ቆርኪ የሚጫወቱት። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ አሥሩ ይከራከራል። «ብላው እንጂ!» «ኧረ ተው፣ ወጥመድ ነው!» ሊስትሮው ብሩሹን ይዞ፣ ጥበቃው ዱላውን ተደግፎ፣ ተራ አስከባሪው ታክሲውን ትቶ። ለንደን አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ተመልካች አፉን ይዘጋል፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር የዛፉ ሥር ጨዋታ ይበልጥብኛል። እዚያ ብቸኛ ሰው የለም። እዚህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አብሮ በአንድ ሕንፃ ኖሮ በአሳንሰር ውስጥ ብቻ የሚተያይ ሰው ሞልቷል። ገበጣው ግን ከከተማው ዛፍ ሥርም እየራቀ ነው። ዳማው ቆርኪ አገኘ፤ ገበጣው የሚማስለት አፈር ከኮብልስቶን ሥር ገባ።

እኛ በውጭ ያለነው መሰባሰብ አያቅተንም። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የኳስ ውድድር እያዘጋጀ ስንቱን የተጠፋፋ ጓደኛ አገናኝቷል። አውሮፓም የራሱ አለው። ኳሱ ይቀጥል፣ ነፍሴ ነው። ክትፎው ከሚሸጥበት ድንኳን አጠገብ ግን አንድ ጠረጴዛና አራት የገበጣ ሰሌዳ ቢቀመጥ ምን ይጎዳናል? ኳስ መሮጥ ያቆሙት አባቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ቦታ ያገኛሉ። ልጁ አማርኛው ቢሰባበርም፣ ጠጠር ለመቁጠር ያለው ይበቃዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከውድድሩ በተመለስን ማግስት እናቴ ጋ ደወልኩ። ደሴ ናት።

«እማዬ፣ ገበጣ እንዴት ነበር የምትጫወቱት?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ምን አስታወሰህ ልጄ? ከብት ስንጠብቅ ነው እኮ እሱ!»

ነገረችን። ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት፣ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር። ልጄ ማቀዝቀዣ ከፍታ የእንቁላል ካርቶን አመጣች። ባለ12 ነው፣ ሁለት ረድፍ። ሦስተኛው ረድፍ ጎደለ። ከቆሻሻ መጣያው ሌላ ካርቶን አወጣች፣ በመቀስ ለሁለት ከፈለችው፣ በፕላስተር ለጠፈችው። 18 ሆነ። ከዚያ ቦሎቄ ቆጠርን፣ 54። አንዱ ምድጃ ሥር ገብቶብን ሌላ ተካን።

ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አደረግነው። እናቴ ከደሴ እየተናገረች ልጄ በእንግሊዝኛ ጻፈች፣ እኔ በአማርኛ። አንድ ቦታ ላይ እናቴ ራሷ ተጠራጠረች። «ቆይ፣ እህቴን ልጠይቃት» አለች። በማግስቱ መልሳ ደወለች፤ የአክስቴ ሕግ ትንሽ ይለያል። ሁለቱንም ጻፍናቸው። ከላይ «የእናቴ ሕግ»፣ በሚቀጥለው ገጽ «የአክስቴ ሕግ»። የጓደኛዬን የጎጃሙን ሕግም በሦስተኛው ገጽ አስገባን።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእንቁላል ካርቶናችንን ይዘን አዳራሹ መጨረሻ ላይ እንቀመጣለን። ለጊዜው የተስማማነው በእናቴ ሕግ ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ አሸንፋኛለች፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉድጓድ ስትይዝ ላሟን አስወለደቻት። ለንደን ያላችሁ፣ ቤታችሁ ሰሌዳ ካለ ቁልፉን አንሡና ይዛችሁ ኑ።